«ኳስ በደማችን ነው» የሚለው ወሬ ይብቃን!

ወገን፣ እስቲ ዛሬ ስለ ኳስ እናውራ። ስለ ኳስ ስናወራ ስለ አገርም ማውራታችን አይቀርም፤ መጨረሻ ላይ ታየዋለህ።

ዋልያዎቹ በተሸነፉ ቁጥር ስልክህን ክፈትና ኮሜንቱን አንብብ። ሁለት ዓይነት ሰው ታገኛለህ። አንደኛው «እኛ እኮ ለሩጫ እንጂ ለኳስ አልተፈጠርንም፤ ሰውነታችንም አይፈቅድም» ይልሃል። ሁለተኛው ተናዶ ይነሳና «ምን ማለትህ ነው? ኢትዮጵያዊ ኳስ በደሙ ነው፤ ተሰጥኦ ሞልቶናል፤ ያጣነው ዕድል ነው» ይላል። ከዚያ ሁለቱ ሲሰዳደቡ ያድራሉ።

እውነቱን ልንገርህ? ሁለቱ ሰዎች የሚጣሉት በከንቱ ነው። የሚያምኑት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ኳስ ከደም ይመጣል ነው የሚሉት። አንዱ ደማችን ውስጥ የለም ይላል፣ ሌላው አለ ይላል። ውጤቱም አንድ ነው፦ ሁለቱም ተኝተው ያድራሉ። ካልተፈጠርንለት ለምን እንልፋ? ከተፈጠርንለትስ መልፋት ምን ያደርግልናል? በቃ፣ ሜዳ አይሠራም፣ አሰልጣኝ አይማርም፣ ልጅ አይሠለጥንም።

እኔ የምልህ ይሄን ነው፦ ተጫዋች ይሠራል። ተፈጥሮ የራሷን ድርሻ ትሰጣለች፣ አልክድም። ግን ቡድንን ቡድን፣ አገርን የኳስ አገር የሚያደርገው ሥልጠናና ልምድ ነው። «ከልጓም ዘር ይስባል» ይላሉ አባቶቻችን። ኳስ ሜዳ ላይ ግን የሚስበው ልጓሙ ነው።

መጀመሪያ «ለሩጫ ነው የተፈጠርነው» የምትለዋን እንያት። በጣም የምንኮራባት እሷ ናት አይደል? 

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ፈረንጆቹ «ከተራራ የወረደ የተፈጥሮ ተአምር» አድርገው ሊያዩት ፈለጉ። ግን አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበረው። ፕሮግራም፣ ሰዓት፣ ዲሲፕሊን ነበረው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አርባ ቀን አካባቢ ብቻ ቆይቶ፣ በጫማ ሮጦ ደገመው። ይሄ የደም ሥራ ብቻ ነው ካልክ የሰውየውን ልፋት እየሰረቅኸው ነው።

በቆጂንም ተመልከት። ደራርቱ ቱሉ ከዚያ አካባቢ ናት። ቀነኒሳ በቀለ ከዚያ ነው። ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያ ናት። «አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው» ይሉሃል። እሺ፣ ከፍታ ያለው ወረዳ በኢትዮጵያ ስንት ነው? ገብስና ባቄላ የሚበላ፣ ዳገት የሚወጣ ልጅ በየደጋው ሞልቶ የለም እንዴ? በቆጂ ላይ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ሰብስቦ፣ እያየ፣ እያረመ፣ እየገሠጸ ያሠለጠነ ሰው። ልዩነቱን ያመጣው ከአየሩ ጋር የተገናኘው አሰልጣኝ ነው። ስለዚህ ሩጫችን ራሱ የሚመሰክረው ለተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ ለሥልጠናም ነው።

«ሰውነታችን ትንሽ ነው» የምትለዋ ሰበብም አለች። ሜሲ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። ዣቪም እንደዚያው። ካንቴ ከእነሱም ያንሳል፣ የዓለም ዋንጫ ግን አንሥቷል። እነዚህ ሰዎች በመርካቶ ቢያልፉ በቁመታቸው ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

«ሜሲ ግን ተፈጥሮ ነው» ትለኛለህ። አዎ ነው። ያንን ግራ እግር ማንም አሰልጣኝ ከባዶ አይፈጥረውም። ግን ያ ልጅ የእድገት ሆርሞን ችግር ነበረበት። በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ወሰደው፣ ሕክምናውን ከፈለለት፣ በአካዳሚው አሳደገው። አሁን ራስህን ጠይቅ፦ ያው ልጅ በእኛ ሰፈር ቢወለድ ማን ያሳክመው ነበር? «ጎበዝ ነበረ፣ ግን አላደገም» ተብሎ ዛሬ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ተሰጥኦ ዘር ነው። ያልተዘራ ዘር ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይበላዋል።

ሥልጠናና ልምድ ተጫዋችን ይለውጣል ስልህ በአየር አልናገርም። ጎረቤታችን ግብፅ ሄደህ ሳላህን ተመልከት። ከገጠር መንደሩ ናግሪግ ተነሥቶ፣ አውቶቡስ እየቀያየረ፣ ለመሄድ ብቻ አራት ሰዓት አካባቢ እየፈጀ ካይሮ ልምምድ ይገባ ነበር። ተመሳሳዩን መንገድ መመለስም አለ። ቼልሲ ገብቶ ወንበር ላይ ቀረ። ብዙ ሰው «ፍጥነት እንጂ ጨራሽ አይደለም» አለው። ከዚያ ጣሊያን ሄደ፣ ተጫወተ፣ ተማረ። በፈረንጆች 2017/18 ለሊቨርፑል በአንድ ሲዝን 32 የሊግ ጎል አስቆጠረ። ደሙ አልተቀየረም። እናትና አባቱ አልተቀየሩም። የተቀየረው ሥራው ነው።

ጄሚ ቫርዲ ደግሞ በልጅነቱ «ታንሳለህ» ተብሎ ከክለብ ተባረረ። ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ በዝቅተኛ ሊግ ተጫወተ። ሌስተር ሲገባ 25 ዓመቱ ነበር። የፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ 29። በ16 ዓመቱ አይተው የጣሉት ሰዎች «ተሰጥኦ የለውም» ብለው ነበር። ተሳስተው ነበር። ስንት ቫርዲ እኛ አገር በ16 ዓመቱ ተጥሎ ቀርቷል?

እና ምኑ ነው የሚሠለጥነው? ሜዳ ላይ የምታየው ነገር አብዛኛው። የመጀመሪያ ኮንትሮል ይሠለጥናል፦ ግድግዳ ላይ እየመታህ፣ ሺ ጊዜ፣ በሁለቱም እግር። ደካማው እግር ይሠለጥናል። ኳስ ከመምጣቱ በፊት አንገትን አዙሮ ማየት ይሠለጥናል። ዣቪን ያየ ሰው ያውቃል፤ ኳሷ እግሩ ሥር ሳትደርስ ግራ ቀኝ አይቶ ጨርሷል። እኛ «አእምሮው ፈጣን ነው» እንላለን። ቀድሞ ስላየ ነው ፈጣን የመሰለን። የቦታ አያያዝ፣ ውሳኔ፣ መቼ አብዶ እንደሚሠራና መቼ ፓስ እንደሚሰጥ ደግሞ ከልምድ ይመጣል። ሉካ ሞድሪች ባሎን ዶር ሲወስድ 33 ዓመቱ ነበር። ፍጥነት በ33 አይጨምርም። የሚጨምረው ማስተዋል ነው።

እኛ ሰፈር ግን ጎበዝ የሚባለው ማነው? አራት ሰው በአብዶ አልፎ አምስተኛው ላይ ኳስ የሚነጠቀው። እልል ይባልለታል። ቀላል ፓስ ሰጥቶ ቦታውን የሚይዘውን ልጅ ግን ማንም አያየውም። «ተሰጥኦ» የምትባለው ቃል ዓይናችንን አበላሽታዋለች።

አሁን የሚያመውን ልናገር፤ አትቀየመኝ።

በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ በላን። ለፍጻሜ የገጠምነው ግብፅን ነው። ሁለት ጊዜ መርተውን ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። መንግሥቱ ወርቁ፣ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ እነዚያ ጀግኖች! ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ነበረን፤ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ፣ በኋላም ለ15 ዓመት የመራው። ይሄ ታሪካችን ነው፣ ማንም አይነጥቀንም።

ግን በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። የቀሩት ገና ከቅኝ ግዛት እየወጡ ነበር። እኛ ቀድመን ጀመርን፣ ቀድመን አሸነፍን። ከዚያ ሌሎቹ ሜዳ ሠሩ፣ አካዳሚ ከፈቱ፣ አሰልጣኝ አስተማሩ። እኛ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ቁጭ አልን። ከ1974 ዓ.ም በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን። ግብፅ ዛሬ ሰባት ዋንጫ አላት። እኛ ያችው አንዷ ናት። በ1954 ያሸነፍናቸው ሰዎች ደም ከእኛ ደም ጋር ቦታ ተቀያየረ እንዴ? አልተቀያየረም። እነሱ ሠሩ፣ እኛ አወራን።

ሰኔ 2014ን ታስታውሳለህ? ግብፅን 2 ለ 0 ረታናት። ሳላህ ባይኖርም ያ ቀን የእኛ ነበር፤ ጨፈርን፣ ይገባናል። ግን ጨዋታው የት ነበር? «ሜዳችን» ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አገራችን ውስጥ ስላልነበረ። በመጨረሻም ከዚያ ምድብ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያለፉት ግብፅና ጊኒ ናቸው። ወኔ አንድ ቀን ያሸንፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚያሸንፈው ሥርዓት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእኛ ነው።

ሥርዓት ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለግህ አይስላንድን ተመልከት። ሕዝቧ ያኔ 330 ሺህ አካባቢ ነበር። በረዶና ንፋስ ነው አገሩ። «ለኳስ አልተፈጠርንም» ለማለት ከእነሱ የበለጠ ሰበብ የነበረው ማነው? እነሱ ግን በጣራ የተሸፈኑ ሜዳዎች ሠሩ፣ በመቶ የሚቆጠሩ አሰልጣኞችን አስተምረው ፈቃድ እንዲይዙ አደረጉ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳይቀር በተማረ አሰልጣኝ እንዲሠለጥን አደረጉ። በፈረንጆች 2016 እንግሊዝን ከአውሮፓ ዋንጫ አስወጡ። በ2018 የዓለም ዋንጫ ገብተው ከአርጀንቲና ጋር አንድ እኩል ወጡ።

ሞሮኮን ተመልከት። ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ አሥር ዓመት በላይ ቀድመው ትልቅ አካዳሚ ከፈቱ። ኤን-ነሲሪ፣ ኡናሂ፣ አግርድ ከዚያ ወጡ። ፖርቹጋልን ያስወጣችውን ቴስታ የመታው ኤን-ነሲሪ ነው። ከ26ቱ ተጫዋቾች 14ቱ ደግሞ ውጭ አገር የተወለዱ ናቸው፤ በአውሮፓ ክለቦች የሠለጠኑ ብዙዎች አሉባቸው። ኬፕ ቨርዴም እንደዚሁ፤ ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ሕዝብ ይዛ፣ በዳያስፖራ የሠለጠኑ ልጆቿን ሰብስባ፣ ካሜሩንን ከኋላዋ አስቀምጣ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች። ይቺው ኬፕ ቨርዴ ናት ጥር 2014 ላይ 1 ለ 0 ያሸነፈችን። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

የእኛስ ደም ውጭ ሲሠለጥን ምን ይሆናል? ቴዎዶር ገብረሥላሴ አባቱ ኢትዮጵያዊ ነው። ያደገው ቼክ ነው። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን ተጫወተ፣ ቬርደር ብሬመን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በቡንደስሊጋ ቆየ። ኤሊ ዳሳ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ልጅ ነው። ያደገው እስራኤል ነው፣ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል እስከመሆን ደረሰ። ተፈጥሮ ያው ነው። ልዩነቱ በልጅነታቸው በየሳምንቱ የሚያርማቸው የተማረ አሰልጣኝ፣ ሣር ያለው ሜዳና በየደረጃው ውድድር ማግኘታቸው ነው። ይሄን ሳስብ ኩራትና ቁጭት አብረው ይይዙኛል።

አንቺም እህቴ፣ «ኳስ የሴት ተፈጥሮ አይደለም» ሲሉሽ አትስሚ፤ ያችው ውሸት ቀሚስ ለብሳ መጥታ ነው። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ ማልታ ተጫወተች፣ አልፋም ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ ሄዳ በፕሮፌሽናል ሊግ ተጫውታለች። ሥራ ነው እዚያ ያደረሳት።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ እንድትረዳው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ማንም አይነግርህም። «ተሰጥኦ አየሁበት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት የ12 ዓመት ልጆችን አሰልፍ። አንዱ በዓመቱ መጀመሪያ ወር፣ ሌላው በመጨረሻው ወር የተወለደ ነው። በመሃላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት አለ። ትልቁ ይፈጥናል፣ ይገፋል፣ ይመረጣል። ከተመረጠ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፣ በዚያው ይበልጣል። ትንሹ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዓለም ላይ በብዙ አገሮች የወጣት ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት መብዛታቸው ተጠንቶ የታወቀ ነው። ፈጣሪ በአንድ ወር ለወለዳቸው ብቻ ተሰጥኦ ሰጠ ማለት ነው? አይደለም። መራጩ ነው የተሳሳተው።

እኛ ዘንድ በዚህ ላይ የዕድሜ ማጭበርበር ይጨመርበታል። የ20 ዓመት ጎረምሳ «ከ17 ዓመት በታች» ተብሎ ይሰለፋል። የ15 ዓመቱን ልጅ ይደፈጥጠዋል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ «ምን ዓይነት ተሰጥኦ ነው!» እንላለን። ከዚያ ትልቁ ቡድን ሲገባ እኩዮቹ ጋር ይገናኝና ይጠፋል። «ኮከባችን የት ደረሰ?» እንላለን። የትም አልደረሰ፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። የጠፋው ያ የ15 ዓመቱ ልጅ ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው ለዚህ ነው። የዕድሜ ውሸት አገርን መውደድ አይደለም፤ የነገውን ቡድን መስረቅ ነው።

አሁን ወደ አገር ጉዳይ ልመልስህ።

እኛ አገራችንን እንወዳለን የምንል ወጣቶች አንድ በሽታ አለብን። «ታላቅ ሕዝብ ነን» ማለት ይቀለናል። ነን ማለት አያስከፍልም። ደማችን፣ ታሪካችን፣ ጀግንነታችን እያልን ፖስት እናደርጋለን፣ ላይክ እንሰበስባለን። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ያሸነፉት ግን በደም ብቻ አይደለም። ስንቅ ተሰንቆ፣ መሣሪያ ተገዝቶ፣ ክተት ታውጆ፣ ወራት ተጉዘው ነው። ዝግጅት ነበረው። ወኔውን ወርሰን ዝግጅቱን ከጣልን ግማሹን ብቻ ነው የወረስነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ልጅ ከሆንክና ኳስ የምትጫወት ከሆነ፣ «ተሰጥኦ አለኝ ወይ?» ብለህ አትጨነቅ። ታኬታ ባይኖርህም ግድግዳ አለ። በቀን ግማሽ ሰዓት በደካማው እግርህ ምታ። ሦስት ወር ቆይተህ ራስህን እየው። ሁሉም ሰው ሜሲ አይሆንም፤ ግን ትናንት ከነበርክበት የተሻልክ ትሆናለህ፣ ያንን ማንም አይከለክልህም።

ሰፈርህ ውስጥ ፕሮጀክት የሚያሠለጥን ሰው ካለ፣ ከኪሱ እያወጣ በፀሐይ የሚንገላታ ሰው ማለቴ ነው፣ አግዘው። ኳስ ግዛለት። ኮን ግዛለት። የአሰልጣኝነት ኮርስ ሲወጣ አሳውቀው፣ አዋጡለት። ከአንድ ሰዓት ጭቅጭቅ ይልቅ አንድ ኳስ አገር ይጠቅማል። ውጭ አገር ያለህ ወገንም ማልያ ለብሶ ፎቶ ከመነሣት አልፈህ ለአንድ ሰፈር ቡድን ኳስና መረብ ላክ።

የሰፈር ሜዳ ሊታጠር ሲመጣ ዝም አትበሉ። ስንቶቻችን ያደግንበት ሜዳ ዛሬ ሕንፃ ሆኗል? ሜዳ ሲጠፋ የሚጠፋው አፈር ብቻ አይደለም። ከቀበሌም ከወረዳም ጠይቁ፣ በሰላም ግን ሳትታክቱ። ክለብህንም ጠይቅ፦ «ለዝውውር ካወጣኸው ብር ለታዳጊው ስንቱ ደረሰ?» በለው። ደጋፊ ማለት ከበሮ መቺ ብቻ አይደለም።

ቀጣዩ ሽንፈት ሲመጣ ደግሞ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ «አልተፈጠርንም» የሚለውንም «በደማችን ነው» የሚለውንም አትመን። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃቸው፦ «ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ፣ በስንት ሜዳ፣ በማን ሠለጠነ?»

መልስ ካላገኘህ ሽንፈቱ ከየት እንደመጣ አውቀሃል።

ለጓደኛህ፣ በተለይ ለዚያ ለሰፈራችሁ አሰልጣኝ፣ ሼር አድርግለት። ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር! 💚💛❤️